ያልተሰጠው ሲንቄ

ዙቤዳ የጢቾን አደባባይ መጥረግ የጀመረችው ገና አደባባይ ተብሎ ሳይሰየም ነው። ያኔ ገበያተኛ ፈረሱን የሚያስርበት ሜዳ ነበር፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ። ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መሀሉ ላይ ድንጋይ በክብ አስደርድሮ «አደባባይ» አለውና ሪባን ተቆረጠለት። ሪባን መቆረጡን ለጭቃውና ለአቧራው የነገራቸው ሰው ግን ያለ አይመስልም፤ እንደነበሩ አሉ። ዙቤዳም እንደነበረች አለች። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ከዒድ ቀን በቀር አንድ ጠዋት ሳታጓድል፣ በክረምቱ ጭጋግም በጥቅምቱ ውርጭም ያንን ሜዳ ትጠርጋለች።

ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። የሚጠርግን ሰው ማን ልብ ይለዋል? እሷ ግን ሁሉን ልብ ትላለች። የትኛው ጸሐፊ አርፍዶ እንደሚገባ፣ የትኛዋ አስተማሪ ደሞዝ እንደተቀበለች ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አሰላ እንደምትሸሽ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከአረማመዳቸው ታውቃለች፤ አውቃም ዝም ትላለች። አንድ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በስብሰባ መሀል ከሠራተኛው ሁሉ ታማኟ ዙቤዳ ናት ብለው ቢያሞግሷት፣ ምስጋናውን ለመጥረጊያዬ ያድርጉልኝ፣ ፀጉሩ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖት እንኳን ሥራውን አልተወም አለቻቸው ይባላል። በማግስቱ አዲስ መጥረጊያ መጣላት።

ቤቷ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉትን ሁለት ዘንጎች ነው። በአርሲ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ በቅቤ የታሸ ዘንግ ትሰጣታለች፤ ሲንቄ ይባላል። ሲንቄ የያዘች ሴት መሀል ከገባች የሚደባደቡ ወንዶች ዱላቸውን ይጥላሉ። ባሏ ቢበድላት ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች፤ የሰፈሩም ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ እርቁ ሳይወርድ አንዷም ወደ ቤቷ አትመለስም። ሲንቄ አይሸጥም፣ አይዋስም፣ ከእናት ወደ ልጅም አይወረስም። በነዙቤዳ አገር ባለቤቲቱ የሞተች ዕለት ለሁለት ተሰብሮ መቃብሯ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ አንዲት ሴት ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ሁለት ሲንቄ ተሰቅሎ ማየት፣ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ደረት የሚያስደልቅ ነገር ነው።

አንደኛው የራሷ የዙቤዳ ነው፤ ጭስና ዕድሜ አጥቁረውታል። ሁለተኛው ቀላ ያለና ያልተነካ ነው። እሱ ለልጇ ለነቢላ የተዘጋጀ ነው። ነቢላ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ጊዜ አባቷ ሰኢድ ደጋው ላይ ደህና እንጨት የለም ብሎ እስከ ዴራ ቆላ ወረደና፣ ሀሮሬሳ የሚሉትን ዛፍ መርጦ ቆርጦ መጣ። ሦስት ቀን ደክሞ አንድ እንጨት ብቻ ይዞ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። እሱ እቴ! ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀ፣ የኔ ልጅ ሲንቄ እንደ አጥር እንጨት ቋጠሮ አይኖረውም ይል ነበር። ነቢላ በአጠገቡ ስታልፍ በሻርፗ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ከሻርፑ ሥር ግን እየሳቀች ነው።

ደግሞም ታጭታ ነበር። አብዲሳ የሚባል፣ ያኔ ባጃጅ መንዳት የጀመረ ልጅ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል። የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል ሰኢድ ኩላሊቱን ታመመ። አሰላ ተወሰደ፣ አዲስ አበባ ተወሰደ፣ ሁለቱ ላሞችም ተሸጠው ከኋላው ሄዱ፤ በመጨረሻ እሱም ሄደ። ያን ጊዜ ነው ነቢላ አረብ አገር ልሂድ ያለችው። ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ታናሽ ወንድሜን ሙንተሲርን አስተምሬ፣ ከዚያ እዳራለሁ አለች። ዙቤዳ ሦስት ወር ሙሉ እንቢ አለቻት። በአራተኛው ወር፣ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ያጡ ዕለት፣ ሂጂ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዙቤዳን የሚያቃጥላት ይቺ ቃል ናት። ደላላው አይደለም የላካት፣ ድህነቱም አይደለም፤ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ ትላለች ለራሷ፣ መጥረጊያዋን እየጎተተች።

ነቢላ ከአምስት ልጃገረዶች ጋር በጅቡቲ በኩል ወጣች። ከባሕሩ ዳርቻ ሆና በሰው ስልክ ደወለች። እናቷን የምትጠራት «አዮ» እያለች ነበር። ድምፅዋ በነፋስ እየተቆራረጠ፣ ነገ ጀልባ እንሳፈራለን አለቻት፤ ቀጥሎም እንደ ልማዷ ቀለደች፦

«አዮ፣ ሲንቄዬን ቅቤ መቀባት እንዳትረሺ። መጥቼ ደርቆ ባገኘው ሌላ እናት ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ልጅ ከጅቡቲ ተመልሶ፣ በዚያ ሰሞን የወጣች ጀልባ ሰምጣለች የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከሳዑዲ የተመለሰች አንዲት ሴት ጂዳ ገበያ ውስጥ ነቢላን የምትመስል ልጅ ከጀርባዋ አይቻለሁ አለች። ዙቤዳ የጀርባውን ወሬ ይዛ ቀረች። ሼክ ሁሴኖ ከሽማግሌዎች ጋር በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ልንሰግድላት መጣን ብለው ደጇ ሲቆሙ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ የሚሰገድለት ሰው የለም ብላ መለሰቻቸው። ሼክ ከደጅ መለሰች ተብሎ ከተማው ጉድ አለ። እሷ ግን አልተጸጸተችም። ለቅሶ ልድረስ ያለውን ሁሉ እንዲሁ ትመልስ ነበር፤ እየቆየ ሰው መምጣቱን ተወ።

በሦስተኛው ዓመት አብዲሳ መጣ። ባጃጁን ርቆ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። አንገቱን ደፍቶ፣ ቤተሰቦቹ ሌላ ልጅ እንዳጩለት፣ ዙቤዳ ካልፈቀደች ግን እንደማያደርገው ነገራት። ዙቤዳ ሻይ አፈላችለት። ከጠጣ በኋላ፣ አግባ ልጄ፣ ነቢላ ስትመጣ እኔ አስረዳታለሁ አለችው። አብዲሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሷ አላለቀሰችም። እሱን ሸኝታ ስትመለስ ሲንቄውን አውርዳ ቅቤ ቀባችው፤ የወሩ መጀመሪያ ቀን ስለነበረ ነው። እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት አለፈ። ሙንተሲርም አድጎ አሰላ ሥራ ያዘ።

ሐውልቱ የመጣው በስድስተኛው ዓመት ነው።

ነገሩን ያመጣችው መሰረት ናት። መሰረት ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስትሆን፣ በጽሕፈት ቤቱ ካለው ወንበር ይልቅ ጉጉቷ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ብሩህ የሚባል ቀራፂ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እየሆነ፣ ሐውልት አይተው ለማያውቁ ትናንሽ ከተሞች ያለ ምንም ክፍያ ሠርቶ እንደሚሰጥ ሰማች። ሰውየው ሐውልት የሚቆመው ሁልጊዜ ሹማምንት በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው፣ ለቀረው አገር «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ብቻ ነው የሚደርሰው እያለ የሚናደድ ነው። መሰረት ደብዳቤ ጻፈች፣ መልስ ሲዘገይ ደወለች፣ ስልኩ ሲዘጋ በራሷ የትራንስፖርት ገንዘብ አዲስ አበባ ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች። የሴት ሐውልት ሊሠራላቸው እሺ አላት።

ከተማው መጀመሪያ ሳቀባት። የቧንቧ ውሃ ብንለምን የሲሚንቶ ሴትዮ ላኩልን ተባለ። ሴትዮዋ እንስራ ይዛ ከሆነ የምትቆመው ወረፋ ትጠብቅ ያለም ነበር። መሰረትም፣ የሚሰጡን ሰዎች ያላቸው ሐውልት ነው፣ ቧንቧ ቢኖራቸው ቧንቧ እለምናቸው ነበር እያለች መለሰች። ከዚያ ደግሞ የመስጊድ ሰዎች የሰው ምስል ማቆም በሃይማኖታችን አይወደድም ብለው ተቃወሙ። ብዙ ከተወያዩ በኋላ ሼክ ሁሴኖ መካከለኛ ነገር አገኙ፤ ፊት ካልተቀረጸባት፣ ዓይንና አፍ ከሌላት፣ ይሁን አሉ። መሰረት ይህን ለብሩህ በስልክ ነገረችው። ሙያው ፊት መቅረጽ የሆነ ሰው ፊት አትቅረጽ ሲባል ምን ይበል? በመጨረሻ፣ እሺ፣ ፊቷን ለስላሳ አድርጌ እተወዋለሁ አለ።

ሴቶቹ ግን ከመጀመሪያው ወደዋታል። የምትቆመው ሲንቄ የያዘች ሴት ናት ሲባሉ፣ ሴቶቹን በጠቅላላ የምትመራው አዳዳ ፈይሩዛ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። አዳዳ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ፈይሩዛ በዕድሜዋም በቁጣዋም የከተማው ሁሉ አክስት ናት። እንግዳ ሙሽራ እንደምትመጣ ሁሉ፣ እያንዳንዷ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትቀበላት ብላ አዘዘች።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ሐውልቷን የጫነው አይሱዙ ከአሰላ ሲመጣ ሰማንያ የሚሆኑ ሴቶች አደባባዩን ከበው ነበር። ዙቤዳ ከማለዳ ጀምራ ሁለት ጊዜ ጠርጋዋለች። የራሷን ሲንቄ በቀኝ፣ መጥረጊያዋን በግራ ይዛ ዳር ላይ ቆማለች። ብሩህ ከሹፌሩ ጎን ወረደ፤ ቀጭን፣ ጺሙ አቧራ የጠጣ ሰው ነው። እልልታው እየቀለጠ ሸራው ተነሣ።

እልልታው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

ሴትዮዋ ከውስጧ ብረት፣ ከላይዋ ሲሚንቶ ስለሆነች ምንም አልነካትም። ዘንጓ ግን ቀጭን ስለሆነች ለብቻዋ በፋይበር የተሠራች ነበረች። ከአሰላ ወዲህ ባለው ኮረኮንች መንገድ የሆነ ቦታ ላይ መሀል ለመሀል ተሰብራለች። ግማሿ እጇ ውስጥ ቀርቷል፣ ግማሿ እግሯ ሥር ወድቋል። ብሩህ አየና፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ በሙጫ አጣብቀዋለሁ አለ። መሰረትም እፎይ ልትል ስትል፣ ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት እጇን አናቷ ላይ ጭና ታለቅስ ጀመር። አዳዳ ፈይሩዛ ወደ መኪናው ቀረበች።

«ልጄ፣ ይቺ ሴት ሞታለች» አለችው በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየመረጠች። «አንተ አላወቅክም። ሬሳ ነው ይዘህልን የመጣኸው።»

ብሩህ ግራ ገባው። መሰረት በጥድፊያ አስረዳችው፤ ሲንቄ የሚሰበረው በቀብር ቀን ብቻ እንደሆነ፣ የተሰበረ ሲንቄ የያዘች ሴት ከተማ መሀል ማቆም ማለት ሁልጊዜ ለቅሶ ላይ መቀመጥ ማለት እንደሆነ ነገረችው። እሷም ይህን ታውቅ ኖሯል፤ በሐውልት እጅ ያለ ዕቃ በመንገድ ይሰበራል ብሎ ማን ያስባል! ሰውየው ሙጫ አይሆንም ከተባለ ሌላ ዘንግ ሠርቼ ላምጣ አለ። ፈይሩዛ ራሷን ነቀነቀች። የመጀመሪያው ከሷ ጋር የተሠራ ስለሆነ አብሯት እንደተወለደ ቆጥረነው ነበር፤ አሁን ግን ከሞት የምትነሳ ከሆነ ሲንቄ የምትሰጣት እናት ያስፈልጋታል፣ ሲንቄ ከአዲስ አበባ በመኪና አይመጣም አለች። ብሩህም በየዋህነት፣ ታዲያ ከእናንተ አንዳችሁ ብትሰጧትስ አለና በሰማንያው ሲንቄ ላይ ዓይኑን አዞረ።

ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። የያዙት ሁሉ የየራሳቸው ነው። በሕይወት ያለች ሴት ሲንቄዋን አትሰጥም፤ የሞተች ሴት ሲንቄ ደግሞ ተሰብሯል። ትርፍ ሲንቄ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። በጢቾ ግን አንድ ነበር። ይህን የማታውቅ ሴት እዚያ አደባባይ ላይ አልነበረችም፤ ሆኖም አንዷም ዞራ ዙቤዳን አላየቻትም። መሬት አዩ፣ የመኪናውን ጎማ አዩ፣ ሰማዩን አዩ። ዙቤዳ አለማየታቸውን አየች፤ ይህም ከማየታቸው ይልቅ አመማት። መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ፈይሩዛ መጣች። ስድስት ዓመት ያልረገጠችውን ደጅ ረግጣ ገባች፤ ጎረቤት ናቸው፣ በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ ለቅሶ ልድረስሽ ካለቻት ቀን ጀምሮ ግን አልገባችም ነበር። ተቀመጠች፤ ግድግዳውን ላለማየት ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራች። ልትነሳ ስትል ብቻ፣ ምንም አልጠይቅሽም፣ ጠይቃኛለች እንዳትዪ፣ መኪናው ነገ ጠዋት ሴትዮዋን ይዞ ይመለሳል አለቻት።

ዙቤዳ ብቻዋን ስትቀር ይህ የመጨረሻው ቃል አልለቀቃትም። ይዞ ይመለሳል። ያቺ ፊት የሌላት ሴት እንደ ገና ሸራ ተከናንባ፣ ያንኑ መንገድ፣ የሚቀበላት አጥታ። ደርሳ ሳትደርስ። ዙቤዳ ጠዋት ሸራው ሲነሣ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን መዋሸት አልቻለችም። ያ ለስላሳ ፊት ላይ የነቢላን ዓይን ልታስቀምጥ ሞክራ ነበር፤ አልመጣላትም። አፏን ሞከረች፤ እሱም አልመጣም። ድምፅዋን ብቻ ነው የሰማችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄ ትመጣለች እያልኩ ፊቷን እየረሳሁት ኖሬአለሁ ማለት ነው ብላ ደነገጠች። ባሕር ማዶ የቀረች ልጅ ትመስላት የነበረችው፣ እሷ ራሷ ደጅ ላይ ያስቀረቻት ልጅ ሆና ታየቻት። የሰገደላት የለም። አላህ ይማራት ያለ የለም። ሲንቄ አልተሰጣት፣ ሲንቄ አልተሰበረላት፤ ከትዳርም ከመቃብርም ሳትሆን ተንጠልጥላ ቀርታለች። ያንጠለጠልኳት እኔ ነኝ ብላ ዙቤዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ዕለት ነው በስድስት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ያለቀሰችው።

ስታበቃ ለሙንተሲር ደወለች፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና ና አለችው። ለምን ብሎ ቢጠይቃት፣ እህትህን ልድራት ነው አለች። ልጁም፣ እሺ አዮ፣ እመጣለሁ አላት።

እሑድ ጠዋት የጢቾ አደባባይ ሳይጠረግ ቀረ። ሰው ሁሉ ያየው እሱን ነው፤ የቅዳሜ ገበያ ጭድና የፈረስ ፋንድያ እንዳለ ተበትኗል፤ ይህ ከዒድ ቀን በቀር በሃያ ሁለት ዓመት ሆኖ አያውቅም። ሹፌሩ ሞተር ሊያሞቅ ሲል ዙቤዳ ከሙንተሲር ጋር መጣች። የሥራ ሰደርያዋን አልለበሰችም፤ ለዒድ የምትለብሰውን ነው የለበሰችው። በቀኝ እጇ የራሷን ጥቁር ሲንቄ፣ በግራዋ ቀዩን ይዛለች። ቀዩ በጠዋቱ ፀሐይ ያብረቀርቃል፤ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ቅቤ የተቀባው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከየቤቱ ሴቶች ወጡ፤ የጠራቸው ሰው የለም።

ሴትዮዋን አውርደው መቆሚያዋ ላይ አቆሟት። ብሩህ ስባሪውን ከእጇ ውስጥ በጥንቃቄ አወጣው። ቀዩን ሲንቄ የተቀበላት እጁን በሱሪው ጠርጎ ነው፤ መሰረት የነቢላን ነገር ሌሊቱን ነግራዋለች መሰለኝ። ይህ እንጨት ነው እማማ፣ ዝናብ ያበላሸዋል፣ ቫርኒሽ ልቀባው አላት። ዙቤዳ አያስፈልግም፣ እኔ በየጠዋቱ እዚህ ነኝ፣ ቅቤዋን እኔ እቀባታለሁ አለችው። ሲንቄውን መልሳ ተቀብላው ራሷ በሁለት እጇ ይዛ በሐውልቷ ጣቶች መሀል አስገባችው፤ ብሩህ ከሥር አጠበቀው። ከዚያ እናት ለምትዳር ልጇ የምትለውን ምርቃት በኦሮምኛ መረቀች፦ ክበጂ፣ ውለጂ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ ከፊትሽ ሰላም ከኋላሽ ሰላም ይሁን። ሼክ ሁሴኖ ዳር ላይ ቆመው ነበር። እናት ለሲሚንቶ ትመርቃለች ወይ ብለው ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ለማን እንደምትመርቅ ስላወቁ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ከምርቃት በኋላ እልል ማለት ወግ ነው። ፈይሩዛ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ግማሹ እልልታ ሲሆን ግማሹ መሀል ላይ እየተሰበረ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ የትኛዋ የትኛውን እንዳለች መለየት አይቻልም ነበር።

ብሩህ የተሰበረችውን የፋይበር ዘንግ አንስቶ ወደ መኪናው ሊወረውራት ሲል ዙቤዳ እጇን ዘረጋች።

«እሷን ለኔ ስጠኝ» አለችው። «አንተ ምን ታደርግልሃለች።»

ሁለቱን ስባሪዎች በሻርፗ ጠቅልላ ይዛ ከሙንተሲርና ከፈይሩዛ ጋር ከከተማው በላይ ወዳለው መቃብር ወጣች። ሰኢድ የተቀበረው ከግራሩ በታች ነው፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ሙንተሲር ያንን ቦታ ከአረም አጸዳ። ዙቤዳ ጥቅሉን ፈታች። ፈይሩዛ ያኔ ነው የገባት፤ ነገሩም አስጨነቃት። በሥርዓቱ ሲንቄ የሚሰበረው ላገባች ሴት ነው፤ ነቢላ ሳትዳር ነው የቀረችው፤ ለልጃገረድ አይደረግም። እንዳትቆጣት ብላ በለሰለሰ ድምፅ፣ በኦሮምኛ ይህንኑ ነገረቻት።

ዙቤዳ ቀና ብላ አየቻት።

«ዛሬ ጠዋት ዳርኳት እኮ፣ አዳዳ» አለቻት።

ፈይሩዛ ተንበርክካ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ሁለቱን ስባሪዎች ከዙቤዳ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሙንተሲር እንዳይንከባለሉ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረ። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና ወረዱ።

ዙቤዳ ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ግድግዳው ላይ የራሷን ሲንቄ መልሳ ሰቀለች፤ የሌላው ቦታ ባዶ ቀረ። ምንጣፍ አነጠፈች። ማንንም አልጠራችም፤ ሙንተሲርም አልጠራም፤ በጢቾ ግን የተከፈተ በር ይታያል። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ መጡ፣ ቀጥሎ ጠዋት አደባባይ የነበሩት ሴቶች። አብዲሳ ባጃጁን ደጁ ላይ አቁሞ ከሚስቱ ጋር ገባ፤ ሚስቱ ውሃ ቀድታ ነው የመጣችው። መሰረት ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል በኦሮምኛ አጥንታ መጥታ፣ በሩ ላይ ጠፍቶባት ዙቤዳን አቅፋ አለቀሰች። አንድም ሰው ለምን ዘገየሽ አላለም።

አሥር ሰዓት ግድም ሼክ ሁሴኖ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ከስድስት ዓመት በፊት የተመለሱበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ዙቤዳ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ በሩ ስትመጣ አዩዋት። ሻርፗን አስተካክላ ከበሩ ዘወር አለችላቸው።

«ይግቡ ሼኬ» አለቻቸው። «ለቅሶ ቤት ነው።»